የዊንቸስተር 94 ዝገትና የማርሊን 336 መንከስ

ጥያቄህ ሁለት ነው። ከአባትህ የወረስከው በ1951 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ዊንቸስተር 94 ጠመንጃ ዝገት ይዞታል፣ አስጠርጌ እንደ አዲስ ላስቀልመው ወይ ብለሃል። ልትገዛው ያየኸው ማርሊን 336 ጠመንጃ ደግሞ ስታቀባብለው መሀል ላይ ይነክሳል፣ ማለትም ተይዞ ይቆማል። በየተራ እንያቸው።

94ቱን አታስቀልመው። ፋብሪካው በ1964 ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ለውጦ፣ ጥይቱን ወደ አፈሙዙ የሚያነሳውን ክፍል፣ ጥይት አንሺውን፣ ከቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ ድፍኑን ፒን በክፍት ጥቅል ፒን እየተካ መሥራት ጀመረ። ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት የወጡትን ለይተው የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ ያንተም ከእነሱ ወገን ነው። ጠመንጃ ለማስቀለም መጀመሪያ በማሽን ይወለወላል። የአካሉ ስለታም ጠርዝ ይዶለዱማል፣ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ የቪቶቹ ቀዳዳ አፍ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። የተሸለተ ብረት ደግሞ አይመለስም። ሰደፉንም በብርጭቆ ወረቀት አታስነካው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንጨቱ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከብረቱ ጋር እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ መፋቁ ይታወቃል።

ዝገቱን ግን መተው አይቻልም፤ ወደ ውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። ከመጀመርህ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ሌቨሩን፣ ማለትም ምላጩ ሥር ያለውን የማቀባበያ እጀታ፣ ደጋግሞ ማቀባበል ብቻ አይበቃም። ከአፈሙዙ ሥር ባለው የጥይት ማጉረሻ ቱቦ ውስጥ ጥይቶቹን ወደ ኋላ የሚገፋው ክፍል (ገፊው) በዝገት ከተያዘ ሞላው ሳይገፋው ጥይት ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ሌቨሩን ከፍተህ በባትሪ መብራት እይ፣ የገፊው ጫፍ ቱቦው አፍ ላይ መታየት አለበት።

ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ከላይ የተቀባ ሳይሆን የብረቱ የራሱ ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ቀይ ዝገት የሚያስለቅቅ አሲድ ሁሉ፣ ኮምጣጤም ጭምር፣ እሱንም አብሮ ይወስደዋል። ቀጭን ዘይት ቀብተህ አንድ ቀን አሳድረው። ከዚያ በዘይት በተነከረ የነሐስ ሱፍ ወይም ቁጥር 0000 የብረት ሱፍ ሳትጫን በአጭር በአጭሩ እሸው። በየጥቂቱ በጨርቅ ጥረግና ጨርቁን እይ፤ ቡናማ ከሆነ የሚወጣው ዝገቱ ነው፣ ወደ ጥቁር ሲያደላ ግን ቀለሙን መንካት ስለጀመርክ አቁም። ጉድጓድ ሆኖ የቀረውን ተወው፣ ዘይት ከጠጣ አይባባስም። ቀለሙ ከነአካቴው አልቆ ዝገት ብቻ የለበሰ ትንሽ ክፍል ካለ፣ ፈትተህ ዘይቱን አጥበህ በተጣራ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀቅለው። ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ከላይ የሚቀረውን ጥላሸት ዘይት በሌለው የብረት ሱፍ ጥረግ።

ቪቶቹ ላይ ታገስ። የቤት ካቻቪቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ስታዞረው ወደ ላይ እየወጣ የቪቱን አፍ ይቀደዋል። ጎኑ ቀጥ ብሎ የቪቱን ቦይ ርዝመትና ስፋት የሚሞላ የጠመንጃ ካቻቪቴ ያስፈልግሃል። እምቢ ካለ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጠብ አድርገህ አሳድረውና ካቻቪቴውን ቪቱ ላይ አቁመህ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለህ ነካ ነካ አድርገው። የተቀደደ ቪት አዋቂ ገዢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ነገር ነው።

የ94 አካል ከኋላ ዝግ ስለሆነ የመወልወያው ዘንግ የሚገባው ከፊት ነው። ዘንጉ የአፈሙዙን ጫፍ እየሞረደ ሲበላው ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ ወደ አንድ ጎን ያደላና አነጣጠሩ ይበላሻል። በጫፉ ላይ የሚገጠም መሪ ቀለበት ተጠቀም፣ ወይም ከጥይት ቤቱ ወደ ፊት የሚሳብ ገመድ። በአሮጌ ጥይት ከተተኮሰበት ካፕሱሉ (በጥይቱ ቂጥ ላይ ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) የሚተወው ጨው በዘይት አይሟሟም፤ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ዘይት ቀባ።

ሌላው የሚረሳ ነገር የዘይት ብዛት ነው። ሰደፉን ወደ ታች አድርገህ ስታቆመው ዘይቱ እየወረደ በእንጨቱ አንገት ውስጥ ይሰርጋል፣ እንጨቱ ይለሰልሳል፣ ብረቱ በርግጫው እየገፋው ከኋላው ይሰነጠቃል። ከቀባህ በኋላ ጥቂት ቀን አፈሙዙን ወደ ታች አቁመው። በቆዳ ማኅደር ውስጥም አታኑረው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከተለፋበት የቀረውም ኬሚካል ብረቱን ያዝገዋል።

ከመተኮስህ በፊት፣ ባዶ መሆኑን ዳግም አይተህ፣ የጠመንጃውን መዶሻ (ምላጩ ሲሳብ ወድቆ የሚመታውን ክፍል) ወደ ኋላ ስበህ ግማሽ ላይ አቁመህ ምላጩን ጫን። መዶሻው ከወደቀ ጥርሱ ተበልቷልና ጠመንጃ ሠሪ ሳያየው አይተኮስም። 94 ሌላም መከላከያ አለው፦ ሌቨሩ ወደ ላይ ተጠብቆ ካልተያዘ ምላጩ አይሳብም። ሌቨሩን ትንሽ ለቅቀህ ምላጩ ከሠራ ያ ክፍል ጎድሏል ወይም ተሰብሯል። ለሁለቱም ጠመንጃዎች ደግሞ ሹል ጥይት ቱቦው ውስጥ አታጉርስ። የኋለኛው ጫፍ በፊተኛው ካፕሱል ላይ ያርፋል፣ በርግጫው ሊያፈነዳው ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ለዚሁ ተብሎ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ይሁን።

ወደ ማርሊኑ። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ የታወቀ ሕመም ነው። ሌቨሩ ላይ ያለው ጥምዝ ጉብታ ጥይት አንሺውን ያነሳል፤ የጉብታው ጠርዝ ስለታም ከሆነ በዓመታት ውስጥ የአንሺውን ጎን እየፋቀ ቦይ ያወጣል። ያኔ ጊዜው ይዛነፍና ሁለተኛው ጥይት ተራው ሳይደርስ ከቱቦው ይወጣል፣ አንሺው ከሥር ተይዞ ሌቨሩ ይቆማል። አምስት የማይተኮስ መለማመጃ ጥይት አጉርስና አንዴ በዝግታ አንዴ በፍጥነት አቀባብለው። መጀመሪያ ግን ቪቶቹ ላልተው እንደሆነ እይ፤ አንዳንዴ ችግሩ ያ ብቻ ነው።

የ336 ደጉ ነገር አፈታቱ ነው። ሌቨሩን ግማሽ ድረስ ክፈት፣ የሌቨሩን ቪት ፍታ፣ ሌቨሩን ወደ ታች አውጣ፣ ቦልቱን (ጥይት ቤቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) ወደ ኋላ ሳበው። በግራ ግድግዳ የተቀመጠው ቀለህ ተፊ ቀጭን ብረት ሊወድቅ ስለሚችል እጅህን ዘርጋ፤ ስትመልስ እሱ ቦታው ከገባ በኋላ ነው ቦልቱ የሚገባው። አሁን ከኋላ ሆነህ አፈሙዙን መወልወል ትችላለህ፣ አንሺውንም በባትሪ ማየት። የአንሺው ጎን ላይ ያለው ፍቅፋቂ ጥፍርህን ካልያዘ የጉብታውን ጠርዝ በደቃቅ የስለት ድንጋይ ማዶልዶም ይበቃዋል። በሞረድ አትሞክረው፣ ቅርጹን ካጣ ጊዜው ከነአካቴው ይጠፋል። ጥፍርህን የሚይዝ ቦይ ካገኘህ አንሺው መለወጥ አለበትና፣ የአንሺውንና የእጅ ዋጋውን ከሻጩ ላይ አስቀንስ።