ለትግል ስፖርት ወጣቶች፦ አንገታችሁን አትርሱት

ልጆቼ፣ ክንዳችሁንና ደረታችሁን ለማፈርጠም የምታፈሱትን ላብ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። አንገቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በነፃ ትግልም፣ በጁዶም፣ በጂዩ ጂትሱም ተጋጣሚ ቶሎ ብሎ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ጭንቅላት ወደዞረበት ገላ ይከተላላ።

ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ተጋጣሚ መዳፉን ማጅራት ላይ ጥሎ ወደ ታች ሲጎትት፣ አንገቱ የላላ ልጅ ግንባሩ ይወርዳል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ክብደቱ ወደ እግሩ ጣቶች ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ዞሮ ጀርባውን መያዝ ምንም አያስቸግርም። አንገቱ የጠነከረው ግን ቀና እንዳለ ይቆያል፤ ግንባሩን ተጋጣሚው ላይ አስደግፎ እንደ ሦስተኛ እጅ ይገፋበታል።

ከማሸነፉ በላይ የሚያሳስበኝ ጤናችሁ ነው። 5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ጭንቅላት የተሸከሙት 7 ትናንሽ አጥንቶች ናቸው። ወደ ኋላ ስትወድቁ አገጫችሁን ሰብስባችሁ ቀበቷችሁን እዩ እያልን የምንወተውተው ጭንቅላታችሁ ከምንጣፉ እንዳይላተም ነው። አገጩን ሰብስቦ የሚይዘው የፊተኛው የአንገት ጡንቻ ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም እሱኑ። በጁዶ ለመጣል ሲሉ በጭንቅላት ምንጣፍ ላይ መጥለቅ ከግጥሚያ የሚያስወጣውም አንገትን ለመጠበቅ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። መዳፋችሁን ግንባራችሁ ላይ አድርጋችሁ ግፉ፤ ጭንቅላታችሁ ሳይነቃነቅ ይመክት። 10 ሰከንድ ያህል በቂ ነው። ከዚያ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ግፊቱን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ጭንቅላትንና እግርን ምንጣፍ ላይ ተክሎ፣ ገላን እንደ ድልድይ ቀስቶ መያዝ የሚያምር ነገር ነው፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልፈቅድም። ጊዜው ሲደርስም በመጀመሪያ እጃችሁን ምንጣፉ ላይ ደግፋችሁ፣ ክብደቱን ለእጃችሁ እያካፈላችሁ ይሁን።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። የደነደነ አንገት አለኝ ብላችሁ ማነቂያ ውስጥ አትቆዩ። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት የደም ሥሮች ከተጨቆኑ በሰከንዶች ውስጥ ራስ ያስታል፤ ጡንቻ አያድንም። በጊዜ ተጋጣሚያችሁን ወይም ምንጣፉን በእጃችሁ መታ መታ አድርጉና፣ መሸነፋችሁን አሳይታችሁ ውጡ። ክንዳችሁን ከነዘራችሁ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ ደግሞ እዚያው አቁሙ፣ ለአሰልጣኛችሁ ንገሩ፤ ውድድሩ ነገ ቢሆን እንኳ ሐኪም ሳያያችሁ ምንጣፍ አትርገጡ።