ሐዋሳ ላይ «እንግሊዝኛ ብቻ» ትምህርት ቤት ልክፈት ወይ ላልሽኝ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠያቂያችን በእንግሊዝኛ ተመርቃ ሐዋሳ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኬጂ ላይ አራት ዓመት አስተምራለች። ውጭ ካለው ወንድሟ ጋር 600 ሺህ ብር አጠራቅመዋል። አቶቴ አካባቢ ግቢ ያለው ቪላ አግኝታለች፤ ኪራዩ በወር 45 ሺህ ብር ነው፣ አከራዩ የዓመት ቅድሚያ ይፈልጋሉ። ሐሳቧ ልጆች ከበር ከገቡ እስኪወጡ ድረስ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩበት ትምህርት ቤት መክፈት ነው። «ስራዬን ለቅቄ ልግባበት ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ስራው ያንቺ ነው፤ ስለ ልጆቹ የጻፍሽው ሁሉ ይሄን ይናገራል። ዘንድሮ ግን ስራሽን አትልቀቂ። ቪላውንም አትከራዪ። ከሁሉ በፊት ደግሞ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚለውን ነገር እንነጋገርበት፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

እኔ ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አማርኛ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ምልክት ይንጠለጠልበት ነበር። ምልክቱን የሚያወርደው ሌላ አማርኛ ሲያወራ የተገኘ ልጅ ላይ አሳብቆ ነው። እኔ አንድም ቀን አልተንጠለጠለብኝም። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፣ እረፍት ሰዓት ላይ ከሰው ጋር ማውራት ስላቆምኩ ነው። አንድ ጠዋት ሆዴን ሲቆርጠኝ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅኩ እስክንለቀቅ ድረስ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይሄ ዛሬም ከውስጤ አልወጣም። እባክሽ አንቺ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አይኑር።

የጠቀስሽው ኢመርሽን የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም ልጁን ገና በማያውቀው ቋንቋ ውስጥ አስገብቶ በዚያው ማስተማር፣ በዚህ ስሙ የታወቀው ካናዳ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1965 ሞንትሪያል አጠገብ ባለችው ሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻችን ፈረንሳይኛ ይቻሉ ብለው ትምህርት ቦርዱን ወጥረው ያዙ፤ የአፀደ ሕፃናት ክፍል ተከፈተ፤ የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ዋላስ ላምበርት ከባልደረቦቹ ጋር ልጆቹን ለዓመታት ተከታተላቸው። ልጆቹ ፈረንሳይኛውን ለመዱ፣ እንግሊዝኛቸውም አልተጎዳም። ብዙ ሰው ይቺን ብቻ ይዞ ይሮጣል። ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ግን ልብ በዪ። መምህሯ ፈረንሳይኛ ብቻ ትናገራለች፤ ልጁ መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ ቢመልስላት ግን ትረዳዋለች፣ አትቆጣውም። ግዴታው የእሷ እንጂ የልጁ አልነበረም። ሁለተኛ ክፍል አካባቢ ሲደርሱ ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው ማንበብና መጻፍ ይማራሉ። ስለዚህ ያንቺ ደንብ ከተገለበጠ ትክክል ይሆናል፦ እንግሊዝኛ የሚናገሩት መምህራኑ ናቸው፣ ልጁ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም በወላይትኛም ቢመልስ ይሰማል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። እንደዚህ የምትናገር መምህርት ከየት ታመጫለሽ? ከመጽሐፉ ላይ አጥርታ የምታነብ ሞልታለች። ልጁ ሻይ ሲደፋ፣ ሁለት ልጆች በአሻንጉሊት ሲጣሉ፣ የአንዱ ጫማ ጠፍቶ ሲያለቅስ፣ ያኔ እንግሊዝኛዋ ሳይንተባተብ የሚመጣላት ግን ጥቂት ናት። አንቺ አንዷ ነሽ እንበል። ሦስት ክፍል ስትከፍቺ ሌሎች ሁለት ያስፈልጉሻል፣ አንዷ ስትወልድ ወይም የተሻለ ደሞዝ ስታገኝ ደግሞ አራተኛ። በደብዳቤሽ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዩኒፎርሙ፣ ስለ ሰርቪሱ አለ። ስለ መምህራን አንድ መስመር ብቻ ነው ያየሁት።

ስትቀጥሪ ሰዋስው አትጠይቂያት። አንድ ባልዲ ውሃና አምስት ልጆች ስጪያትና አስር ደቂቃ ተቀምጠሽ እያት። ሞግዚቷን ደግሞ አትናቂ። ክፍሉ ውስጥ የልጁን የቤት ቋንቋ የምታውቅ፣ ሲያመው የሚነግራት አንዲት ሴት የግድ ታስፈልጋለች።

የመምህር ነገር አገርንም ያስቸግራል። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ 2008 ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሁን ስትል አብዛኞቹ መምህራኗ የተማሩት በፈረንሳይኛ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ወደ ኪንያርዋንዳ መለሰች፣ በፈረንጆቹ 2019 እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ዞረች። መንግሥት በሙሉ አቅሙ እንዲህ ከተቸገረበት አንቺ በሁለት ወር ክረምት አዘጋጅተሽ መስከረም ላይ በሩን መክፈት የለብሽም።

ወላጆች እንደሚመጡልሽ አልጠራጠርም። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ባይሆንም የሒሳቡም የፊዚክሱም ጥያቄ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ለወላጅ የማትችይውን ቃል አትግቢ። ጂም ከሚንስ የሚባለው የካናዳ ምሁር እንዳሳየው ልጆች የጨዋታውን ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይለምዱታል፣ በትምህርቱ ቋንቋ እኩዮቻቸው ላይ ለመድረስ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ያውም እንግሊዝኛው ከክፍልም ውጭ በሚሰማበት አገር። ሐዋሳ ልጁ ከግቢ እንደወጣ ከባጃጁ ሾፌር ጀምሮ የሚሰማው ሌላ ነው። «ልጄ በሦስት ወር ይናገራል?» ያለችሽን እናት ቁጭ አድርገሽ ይሄን አስረጃት፤ ጥላሽ ብትሄድም አስረጃት።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ከ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ጀምሮ መርሁ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ የሚል ነው። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ስለዚህ ኬጂውን ጨርሰው አንደኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች በምን ቋንቋ እንደሚማሩ አሁኑኑ ማወቅ አለብሽ። ለማንም አንድ ብር ሳትከፍዪ ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ የኬጂ መስፈርቱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ስለ ግቢው ስፋት፣ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ አካባቢው። ቤት ተከራይቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ከዚያ «ይሄ ግቢ አያሟላም» የተባለ ሰው በቅርብ አውቃለሁ።

ሒሳቡንም እንየው። 45 ሺህ በ12 ሲባዛ 540 ሺህ ነው። ከ600 ሺህ ላይ 60 ሺህ ቀረሽ። በሱ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ መጻሕፍት፣ መጸዳጃ ቤት ማስተካከል፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሞዝ... አይሆንም። ደግሞ ወላጅ የሚከፍለው ልጁ በሚማርበት 10 ወር ነው፣ ኪራዩ ግን ሐምሌና ነሐሴንም ይቆጥራል። ደሞዝ ስታስቢ የቀጣሪውን የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ጨምሪበት፤ ብዙ ጀማሪ ይረሳዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ባለሽበት ትምህርት ቤት የኬጂ ዩኒት ሊደርነት፣ ማለትም የኬጂው ክፍል ኃላፊነት፣ ጠይቂ። ለአንድ ዓመት መምህራን ስትመሪ፣ የተቆጣ ወላጅ ስታነጋግሪ፣ የክፍያ ደብተር ስታዪ ማስተማርና ትምህርት ቤት መምራት ምን ያህል እንደሚለያዩ ይገባሻል። ጎን ለጎን ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሜ የማይሰራ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል በትንሽ ኪራይ ያዢና 12 ልጆች ሰብስቢ። ክፍያ ተቀበዪ፣ በነፃ አታድርጊው።

እዚያ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ አታስተምሪ፤ በእንግሊዝኛ ሌላ ነገር አስተምሪ። ሐዋሳ ለዚህ የታደለች ናት። አንድ ቅዳሜ ከወላጆቻቸው ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ውሰጃቸው። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች ያወዳድሩ፤ የትኛው ቅርፊት አለው፣ የትኛው ጺም አለው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ከእነሱ በቁመት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በሚቀጥለው ሳምንት ያዩትን ይሳሉ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ እየጠየቅሽ እነሱ በፈለጉት ይመልሱ፤ እቤት ሲገቡ ደግሞ ያንኑ ለአያታቸው በቤታቸው ቋንቋ ይተርኩ። ረዳት መምህርት የምትፈትኚውም እዚሁ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ አብረውሽ የሚሰሩ ሁለት ሰዎች ካገኘሽ፣ ያኔ አነስ ያለ ግቢ ፈልጊ፣ በአንድ ክፍል ብቻ ጀምሪ፣ በየዓመቱ አንድ ክፍል ጨምሪ።

ወንድምሽን በተመለከተ የጠየቅሽኝ አጭር ነው። ብሩ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? አሁን እየተዋደዳችሁ ሳለ በወረቀት አስፍሩት፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። አከራዩን ደግሞ ዛሬውኑ ደውለሽ አመስግኚና ቤቱን ለሌላ ሰው እንዲያከራዩ ንገሪያቸው። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ እንዳለቀች ልጆቹ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን።