ከሚገደለው በፊት የሚቀረውን ቁጠሩ

ይድረስ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ ለምትኖሩ ወጣቶች፤ በተለይም የዱር እንስሳት ሙያ ለምትማሩ።

ልጆቼ፣ መንገድ ላይ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ በግ የሚነጥቀውን ተኩላ፣ አህያ የሚጥለውን ጅብ ለምን አናጠፋውም? ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ለፋሲካ ያሳደገችውን በግ በአንድ ሌሊት ያጣች እናት ፊት ቆሞ ስለ ዱር እንስሳት ጥቅም መስበክ ነውር ነው። ዕድሜዬን በዱር እንስሳት ሥራ ስለጨረስኩ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ሕግና ልክ ያለው አደን ሊኖር ይችላል፤ የሚቀረውን ሳያውቁ መግደል ግን ጥፋት ነው።

ስለ ተኩላ አደን ብዙ የተጻፈውና ብዙ የተጣሉበት ሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ መንግሥት ራሱ በመርዝ፣ በወጥመድና በጠመንጃ ተኩላን ሲያሳድድ ኖሮ፣ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ የቀሩት የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ1926 ተገደሉ። ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1995 እና በ1996፣ 31 ተኩላዎች ከካናዳ አምጥተው መልሰው ለቀቁ። ቁጥራቸው ሲያገግም አንዳንድ ግዛቶች በፈቃድና በኮታ፣ ማለትም ሊገደል በሚፈቀደው ቁጥር ልክ፣ ማደንን፣ በወጥመድ መያዝንም ፈቀዱ።

እዚህ ላይ ከእነዚህ ግዛቶች አንዷ የሆነችውን የዊስኮንሲንን ታሪክ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ግዛቲቱ 200 ተኩላ እንዲታደን ወሰነች። 81ዱ የኦጂብዌ ነባር ሕዝቦች ድርሻ ሲሆን፣ እነርሱ ተኩላን እንደ ወንድም ስለሚያዩት አንድም ሊገድሉ አልፈለጉም። ለሌሎች አዳኞች የቀረው 119 ነበር። ሦስት ቀን ሳይሞላ ግን 218 ተገደለ። ምክንያቱን ስትመረምሩ ትምህርቱን ታገኙታላችሁ። ለ119 እንስሳ 2,380 ፈቃድ እንዲሰጥ ተወስኗል፤ በውሻ ማሳደድ ተፈቅዷል፤ አዲስ የወረደው በረዶ ዱካውን ቁልጭ አድርጎ ያሳይ ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ ሕጉ አደኑ ከመዘጋቱ በፊት የ24 ሰዓት ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ በዚያች አንድ ቀን ቁጥሩ አመለጠ። ወሩ ደግሞ ተኩላ የሚራባበት ነው። ኮታ በሰዓቱ የሚያስቆም ክንድ ከሌለው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ወጥመድም የራሱ ጣጣ አለው፤ የያዘውን አይመርጥም። ለተኩላ የተጠመደው የሰው ውሻ ይይዛል፣ ሌላም አውሬ ይይዛል። ደንብ ባለበት አገር እንኳ አጥማጁ ቶሎ ቶሎ እየሄደ እንዲያይ የሚገደደው ለዚህ ነው። መንጋ ደግሞ ቤተሰብ ነው፤ የሚወልዱት ጥንድ ከተገደሉ የቀሩት ሊበተኑ ይችላሉ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። የኛ ተኩላ ለረጅም ዘመን ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ተደርጎ ሲመዘገብ ኖሮ፣ የተኩላ ወገን መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዘረ መል ጥናት ነው፤ ናሙናውም ከኛው ደጋ የተወሰደ ነው። በመንዝና በባሌ ደግሞ ከቀይ ቀበሮ ጋር በአንድ አገር ይኖራል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ፣ በጠቅላላው 500 ገደማ የቀረ እንስሳ ነው። በድንግዝግዝ ጠመንጃ ያነሳ ሰው ሁለቱን ቢያምታታ ምን ያህል እንደምንከስር አስቡ። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል የሆነው በከንቱ አይደለም።

በመርዝ ጉዳይማ አልደራደርም። በጥንብ ላይ የተነሰነሰ መርዝ ተኩላውን ብቻ ሳይሆን ጅቡን፣ ጥንብ አንሳውን፣ የጎረቤትን ውሻ ሁሉ ይጨርሳል። ጥንቡን የሚያነሳ ሲጠፋ የሚፈነጨው ባለቤት አልባ ውሻ ነው፤ ከውሻ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። በባሌ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ደጋግሞ ቀይ ቀበሮን የፈጀው ከውሻ የተዛመተው ይኸው በሽታ ነው። ለዚህ ነው ውሻችሁን አስከትቡ የምላችሁ።

የጅቡን ነገር ደግሞ ከቆሻሻችን ለይታችሁ አትዩት። በእንጦጦ ጫካና በወንዞቻችን ገደል የሚያድረው ጅብ የሚኖረው በምንጥለው አጥንትና በየሜዳው በምንተወው ጥንብ ነው። በትግራይ ተመራማሪዎች የጅብን ኩስ ፈትሸው፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ከየቤቱ ሲጠፋ ጅቡ አህያ ማደን እንደሚያበዛ አገኙ። ምግቡ ሳይነካ ጅቡ ቢገደል ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። ስለዚህ የሞተ ከብት ቅበሩ፤ ጉረኖውን ከላይም ክደኑት፤ አህያ ውጭ አታሳድሩ።

መከልከልና መፍቀድን ለማወዳጀት ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልለው፣ ጊዜው ሲደርስ በስምምነት እየከፈቱ ሲያጭዱ ኖረዋል። ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ እዚያ የተረፈው በዚያ ጥበቃ ነው።

እናንተም ሥራውን ከመዝገብ ጀምሩ። በግ በተበላ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ እረኛ መኖር አለመኖሩን ጻፉ፤ ቁስሉንም በደንብ እዩ። ጅብ አጥንት ያደቃል፣ ብዙም አያስተርፍ። ተኩላ ብዙ ጊዜ ጉሮሮ ይይዛል። ውሻ ግን እዚህም እዚያም ነክሶ፣ ብዙ በግ አቁስሎ፣ ሳይበላ ሊሄድ ይችላል። ጥፋተኛው ውሻ ሆኖ ከተገኘ የሚያስፈልገው ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ነው። ተኩላ ሆኖ ጥቃቱም ከተደጋገመ፣ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ሂዱ፤ ኮታ ሳይሆን በመጀመሪያ ባለሙያ ወጥቶ እንዲቆጥር ጠይቁ።