«የፈለግሽውን አድርጊ» ብሎ ዝም አለ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የ11 እና የ6 ዓመት ልጆች እናት ነኝ። ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሻለሁ፤ ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። አሁን ለአንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ሄጄ እንድማር ተመርጫለሁ። ያመለከትኩት ለባለቤቴ ሳልነግረው ነው። ሲሰማ «የፈለግሽውን አድርጊ» ብሎ ዝም አለ። እናቴ ደግሞ «ልጅ ጥሎ የሚኬድበት ትምህርት ምን ዓይነት ነው?» ትለኛለች። ገለጻ የተሰጠን ቀን ከተመረጥነው መካከል ባለትዳር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የቀሩት የታናሽ እህቴ እኩዮች ናቸው። የመጣልኝን ደብዳቤ አጥፌ በልጄ ደብተር ሽፋን ውስጥ ደብቄዋለሁ። «አልመጣም» ብዬ ብጽፍላቸው ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያንን ከመጻፍዎ በፊት ተደባልቀው ያስጨነቁዎትን ሁለት ነገሮች እንለያያቸው። አንደኛው ለመማር መፈለግዎ ነው፤ ሁለተኛው ፍላጎትዎን መደበቅዎ ነው። ባለቤትዎ የተከፉት በየትኛው እንደሆነ እስካሁን አልጠየቋቸውም።

«የፈለግሽውን አድርጊ» ፈቃድ ይምሰል እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ ክልከላም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሰው ሳይማከር በቀረበት ጉዳይ ላይ ሲሆን፣ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ተጠያቂዋ አንቺ ብቻ ነሽ የሚል ሸክም አዝሏል። ስለዚህ ስለ መደበቅዎ ይቅርታ ይጠይቁ፤ ስለ መፈለግዎ ግን አይጠይቁ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ከተናገሯቸው ይቅርታዎ ዕድሉን እንደ መተው ይቆጠርና፣ ከዓመታት በኋላ «ባይከለክለኝ ኖሮ» የሚል ቂም ይዘው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ በቃላቸው አልከለከሉም።

የእናትዎ ንግግር ይህን ያህል የቆረቆረዎት እርስዎም በልብዎ ስለሚሉት ይመስለኛል። ጄራልዲን ፒዮርኮውስኪ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎች ከአደጋ ብቻቸውን የተረፉ ያህል የበደለኝነት ስሜት እንደሚያድርባቸው አመልክታለች። ስሜቱ የሚመጣው ቤተሰብን ከመውደድ ነው፤ ጥፋት ለመሠራቱ ግን ማስረጃ አይሆንም።

በገለጻው ቀን የተሰማዎትን በተመለከተ፣ ብዙ ባልደረቦቼ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ፓውሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ እ.ኤ.አ. በ1978 የገለጹትን፣ ስኬታማ ሴቶች «ሰው ተሳስቶ ነው እንጂ እኔ ለዚህ አልበቃም» የሚሉበትን ስሜት ይጠቅሱልዎታል። እውነትነት አለው፤ ሆኖም ችግሩን ሁሉ በእርስዎ አስተሳሰብ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። የውጭ ትምህርት ዕድል ለረጅም ጊዜ የተዘጋጀው ሥራና ልጅ ለሌለው፣ ወላጆቹም መንገዱን ለሚያውቁ ወጣት ነው፤ በየማስታወቂያው ላይ የሚታየውም ያው የጀርባ ቦርሳ ያነገበ የ20 ዓመት ልጅ ነው። ይህን በመረዳት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የገንዘብ አቅማቸው ውስን ለሆነ ተማሪዎች የጊልማን ስኮላርሺፕ ይሰጣል። በአውሮፓ የኢራስመስ ፕላስ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፣ ረጅም ጊዜ ከቤታቸው መራቅ ለማይችሉ ተማሪዎች ከ5 እስከ 30 ቀን በአካል ተገኝተው ቀሪውን በኢንተርኔት የሚማሩበትን አማራጭ ከፍቷል። ስለዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲዎ ቢሮ ሄደው ቆይታውን የሚያሳጥር ወይም ወደሚቀጥለው ሴሚስተር የሚያሸጋግር ዕድል ካለ መጠየቅ ልመና አይደለም።

እግረ መንገድዎን ከዚህ ቀደም ልጅ ኖሯት የሄደች ተማሪ ካለች እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ሰው በችሎታው የሚተማመንባቸውን ምንጮች ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ራሱ ሠርቶ ያሳካውን ነው፤ ቀጥሎ እሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ማየትን ይጠቅሳል። የሰው ማበረታቻ ከሁለቱም ይደክማል። ስለዚህ እኔ «ይችላሉ» ብዬ ብጽፍልዎ ብዙም አልጠቅምዎትም፤ ልጇን ማን እንደጠበቀላት፣ መቼ እንዳለቀሰች፣ ስትመለስ ቤቷን እንዴት እንዳገኘችው ከምትነግርዎት ሴት ጋር አንድ ሰዓት ቢቀመጡ ይሻላል። የመጀመሪያው ምንጭ ደግሞ በእጅዎ ነው፤ ከሥራ መልስ እንቅልፍዎን እያሸነፉ ሦስት ዓመት ተምረዋል።

ከባለቤትዎ ጋር የሚነጋገሩበትን ጊዜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያድርጉትና፣ ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ሳምንት በቤት ውስጥ የሚሠሩትን በወረቀት ይመዝግቡ። ማን ልጆቹን ይቀሰቅሳል፣ ማን የቤት ሥራቸውን ያያል፣ ትኩሳት ሲነሳ ማን ሌሊቱን ይነቃል የሚለው ሲጻፍ፣ ባለቤትዎን ያስፈራቸው ምናልባት የእርስዎ መሄድ ሳይሆን ይህ ሁሉ በእሳቸው ላይ መውደቁ እንደሆነ ይታያችኋል። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ወረቀት ላይ የወጣ ሥራ ግን ለአያት፣ ለአክስት፣ ለሚከፈለው ሰው ይከፋፈላል። እናትዎንም «ይፈቅዱልኛል?» ከማለት «ከዚህ ውስጥ የትኛውን ይይዙልኛል?» ብለው ይጠይቋቸው።

ልጆቹን በተኙበት ትተው አይሂዱ። የስድስት ዓመቱ ልጅ «አራት ወር» ሲባል ስለማይገባው፣ በየቀኑ አንድ አንድ የሚያጠፋበት ሳጥን የተሰመረበት ወረቀት ይስጡት፤ ስልክም በተቆረጠ ሰዓት ይደውሉ፣ ምክንያቱም ለዚህ ዕድሜ ከንግግሩ ርዝመት ይልቅ ሰዓቱ አለመዛነፉ ይበልጣል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የ11 ዓመቱ ነው፤ ጠንካራ መስሎ «ታናሼን እኔ እይዘዋለሁ» ሊልዎት ይችላል። ያመስግኑት፤ ኃላፊነቱን ግን አይስጡት።

ቤትዎ ውስጥ ዱላ ወይም ዛቻ ካለ፣ ወይም ከልጆቹ አንዱ ክትትል የሚፈልግ ሕመም ካለበት፣ ምክሬ ሌላ ስለሚሆን ለብቻው ይጻፉልኝ። ከሌለ ግን ዛሬ ማታ ደብዳቤውን ከደብተሩ ሽፋን አውጥተው ለባለቤትዎ ይስጧቸውና፣ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ምንም ሳይናገሩ አጠገባቸው ይቀመጡ።