«ሜይዴይ» ያለችኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሪፖርት የምናስረክብበት ሰዓት ሲቃረብ ባልደረባዬ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ» ብላ ጻፈች። የሠራተኞች ቀን መስሎኝ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ባለማወቅ ነውና ጥፋት አልለውም። ግን እሷ «ድረሱልኝ» እያለች ነበር።

ከሠራተኞች ቀን ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። ቃሉ የመጣው «እርዱኝ» ከሚል የፈረንሳይኛ አነጋገር ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ ለንደን አጠገብ በነበረው የክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍሬድሪክ ሞክፎርድ የተባለ የሬዲዮ ኃላፊ ነው ያመጣው። አደጋ ላይ ያለ አብራሪ የሚናገረው፣ ሰሚው ወዲያው የሚገባው ቃል ይፈለግ ነበር። ከክሮይደን ብዙው በረራ ወደ ፓሪስ ስለነበር የሁለቱም ወገን ጆሮ የሚይዘውን መረጠ። ኤስ ኦ ኤስ (SOS) የሚባለው የድረሱልኝ ምልክት እያለ? እሱ የቴሌግራፍ ምልክት ነው። በሬዲዮ በድምፅ ሲነገር «ኤስ» በደንብ አይለይም ነበር። በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሜይዴይ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ።

ደንቡ ሦስት ጊዜ አከታትሎ መጥራት ነው። ከዚያ ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ምን እንደገጠመዎት፣ ስንት ሰው እንዳለ ይነገራል። ለሕይወት የማያሰጋ ችግር ከሆነ «ፓን ፓን» የሚባል ሌላ ጥሪ አለ።

አንድ ጊዜ የፊልም ግርጌ ጽሑፍ ስተረጉም ይህ ቃል አስቸግሮኛል። ጀልባው ውኃ እየገባበት ያለ ሰው የሬዲዮውን መነጋገሪያ ጨብጦ «ሜይዴይ» ይላል። መጀመሪያ «አደጋ! አደጋ!» ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ ሳየው ልክ አልመጣልኝም። ሰውየው እኮ ዜና እየነገረ አይደለም፤ ሰው እየጠራ ነው። «የሰው ያለህ!» ብዬ ቀየርኩት።

በምሳሌያዊ አነጋገርም ያው ነው። ገንዘብ ያለቀበት ድርጅት፣ ፈተና የከበደው ተማሪ፣ ሥራ ያፈናት ባልደረባ ሜይዴይ ይላሉ። «ጉድ ፈላ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚሰማው ካገኘ ሊበቃው ይችላል። ሜይዴይ ያለ ሰው ግን መልስ ይጠብቃል። ለትንሹም ለትልቁም የሚሉት አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ቃሉን ያረክሰዋል።

ስለዚህ በጽሑፍ ሳይሆን ደውለው ያነጋግሯት። «ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ሪፖርቱ እንዴት ሆነልሽ?» ይበሏት።