አቼ ገጠር ገብተህ መሬት ልግዛ ወይ ላልከው ወንድም

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። ማሌዥያ ስትማር የተዋወቅካትን የአቼ ልጅ፣ የኢንዶኔዢያዋን ክፍለ ሀገር ማለቴ ነው፣ አግብተሃል፣ ቤተሰቦቿ እዚያው አቼ ውስጥ ፒዲ በሚባል ወረዳ ገጠር ሩዝ አራሾች ናቸው፣ ጠቅልላችሁ ልትገቡ ነው። መሬት ገዝቼ ቤት መሥራት እችላለሁ ወይ፣ ኑሮውና መንገዱስ እንዴት ነው ብለሃል። እኔም በዚያው በፒዲ አማች ሆኜ ስለምኖር የማውቀውን ልጻፍልህ። ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

መጀመሪያ መሬቱ፣ ገንዘብ የሚበላው እሱ ስለሆነ። በስምህ መግዛት አትችልም። አለቀ። የ1960ው የኢንዶኔዢያ የመሬት ሕግ ሙሉ ባለቤትነትን ለዜጋ ብቻ ነው የሚሰጠው። "በሚስቴ ስም ይሁና" ትል ይሆናል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ንብረታችን የተለያየ ነው የሚል ውል ከሌላችሁ በትዳር ውስጥ የተገዛ ሁሉ የጋራ ነው፣ የጋራ ከሆነ ደግሞ ግማሹ የውጭ ዜጋ እጅ ገባ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሽያጩን የሚያዋውለው ኖታሪ እምቢ ይላችኋል። ድሮ ይህ ውል ከጋብቻ በፊት ካልተጻፈ በቃ፣ አበቃ ነበር። በ2016 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከተጋቡ በኋላም መጻፍ ይቻላል ብሎ ወሰነ፣ ስንቱን ባልና ሚስት እንደገላገለ አትጠይቀኝ። እና መጀመሪያ ውሉን ጨርሱ፣ መሬት ፍለጋው ይደርሳል። ኒካሁ የታሰረው ማሌዥያ ከሆነ ደግሞ አገሯ ከተመለሳችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስመዝገብ አለባችሁ። የመኖሪያ ፈቃድህም የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ትዳሩ ሁለት ዓመት ከሞላው ቋሚውን መጠየቅ ይቻላል።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። የእርሻ መሬት ባለቤት እዚያው አካባቢ ነዋሪ መሆን አለበት የሚል የቆየ ደንብ አለ። ሚስትህ ኩዋላ ላምፑር ተቀምጣ ማሳ ልግዛ ብትል ደንቡ አይፈቅድላትም። ደግሞ ገጠር ውስጥ ብዙው መሬት የመንግሥት ሰርተፍኬት የለውም። ያለው የመንደሩ ሹም፣ ኬውቺክ የሚሉት፣ የፈረመበት የሽያጭ ወረቀት ነው። ሻጩ ብቻውን መጥቶ "የኔ ነው" ቢል እሺ አትበል። የእህቶቹን ቃል ስማ።

እህቶቹን ያልኩት በምክንያት ነው። እዚያ ቤት የሴት ነው። ወላጆች ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ወይ ቤት ወይ የቤት መሥሪያ ቦታ ይሰጧታል፣ የቻሉ ማሳ ይጨምሩላታል፣ ወንዱ ልብሱን ይዞ ይገባል። አንድ ግቢ ውስጥ እናትና ሴት ልጆቿ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው ታገኛለህ፣ ባሎቹ በሙሉ ከሌላ የመጡ ናቸው። እኛ አገር "ሚስቱ ቤት ገባ" ስድብ ነው። እዚያ የሚያፍር የለም፣ ሁሉም እንደዚያው ነዋ። ብትጣሉ ሻንጣ ይዞ የሚወጣው ወንዱ ነው፣ ይህንንም አውቀህ ግባ። ስለዚህ መሬት ከመግዛትህ በፊት ለሚስትህ ምን እንዳሰቡላት ይታወቅ። የምትጠይቀው ግን እሷ ትሁን። አማች የአማቶቹን ንብረት ሲቆጥር ደስ አይልም።

"ገንዘቤን ምን ላድርገው?" ካልክ፣ የገጠሩ ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጠው በወርቅ ነው። ጥሎሹም በወርቅ ነው የሚቆጠረው፣ ማያም በሚሉት መለኪያ፣ አንዱ ማያም 3.3 ግራም ገደማ። ማሳም በወርቅ ይያዛል። ጋላ ይሉታል፣ ቁርጥ የእኛ ወለድ አገድ ነው። የቸገረው ሰው ወርቅ ይወስዳል፣ ወርቁን እስኪመልስ አበዳሪው ማሳውን ይዞ ይበላል። የወርቅ ዋጋ ሲንር ማሳውን ማስለቀቅ ዳገት ይሆናል፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ጋላም አለ። በ1960 የወጣ ሌላ ሕግ ሰባት ዓመት የተያዘ ማሳ ያለ ክፍያ ይመለስ ይላል፣ ግን ኬውቺኩ ፊት ይህን ሕግ ጠቅሶ የሚሟገት እስካሁን አልገጠመኝም። ወለድ ነው አይደለም የሚለው የኡለማዎች ክርክርም አላለቀም። እኔ ብትሰማኝ ከጋላ ራቅ። ያልተቸገረ ሰው አይገባበትም፣ አንተ ደግሞ የሰው ችግር ላይ የተቀመጠ የውጭ ሰው ተብለህ ነው የምትታየው። ማዋህ ይሻላል፣ እኩል ማለት ነው። ማሳ ያለው ሰጥቶ፣ ያረሰው አርሶ፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ላምም እንደ እኛ የርቢ ይሰጣል። ላም ገዝተህ ለጎረቤት ስጥ፣ ጥጃው ይመጣል፣ ወዳጅም ታፈራለህ።

እርሻው ላይ ልግባ ካልክ የራስህን ቀን አትቁረጥ። ኬውጅሩን ብላንግ የሚባል የውሃ አባት አለ፣ ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ፣ መቼ እንደሚዘራ እሱ ከአራሾቹ ጋር ተመካክሮ ይወስናል። ከመዘራቱ በፊት ማሳው ላይ ድግስ አለ፣ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል። እዚያ ላይ አለመቅረት ነው። ዓርብ ደግሞ ቢያንስ ጁምዓ እስኪሰገድ ማሳ አይወረድም።

ከሁሉ የምታውቀው ነገር ግን ሜውጋንግ ይሁን። ከረመዳን በፊት፣ ከሁለቱ ዒዶችም በፊት ቤት ሁሉ ሥጋ የሚበላበት ቀን ነው። ሙሽራ አማች ሥጋ ይዞ ካልገባ ጉድ ይባላል። የሥጋ ዋጋ በዚያ ሰሞን ሰማይ ይነካል፣ ሰዉ እያማረረ ይገዛል። አንተም እያማረርክ ትገዛለህ። መውሊድም ቢሆን አንድ ቀን እንዳይመስልህ። ሦስት ወር ሙሉ መንደር በመንደር እየተቀባበሉ ይደግሳሉ፣ ሆድህን አዘጋጅ።

ማታ ወንዱ ቡና ቤት ነው። ቡናው በጨርቅ ማጥለያ ተጠልሎ ይመጣል፣ ስኳሩ አይጣል ነው። "ቡናማ የኛ አገር" ብለህ ክርክር አትክፈት፣ እዚያው አቼ ያሉት የጋዮ ተራሮች ቡና አብቃይ ናቸውና አይሸነፉልህም። ግን ቁጭ በል። የሚሸጥ መሬት፣ የሚታጭ ልጅ፣ የተጣላ ጎረቤት፣ ሁሉም ወሬ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። አብዛኛው በአችኛ ስለሆነ የማሌዥያው ማላይህ አያድንህም።

እንደገባህ በ24 ሰዓት ውስጥ ኬውቺኩ ጋ ሄደህ አስመዝግብ። በየመንደሩ መግቢያ ተጽፎ ታየዋለህ። የጋብቻ ደብተራችሁ ከእጃችሁ አይለይ። አቼ ውስጥ የሸሪዓ ሕግ ይሠራል፣ ያልተጋቡ ወንድና ሴት ለብቻቸው ቢገኙ በ2014 በወጣው የወንጀል ደንብ ግርፋት አለበት፣ ቀድሞ በሩን የሚያንኳኳው ደግሞ ፖሊስ ሳይሆን የሰፈሩ ወጣት ነው። የሚያውቁህ እስኪበዙ ድረስ ደብተሩ ነው የሚናገርልህ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከኩዋላ ላምፑር የአቼ ዋና ከተማ ባንዳ አቼ ሁለት ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው። ከዚያ የፒዲ ዋና ከተማ ሲግሊ በተራራው በሴውላዋህ በኩል 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን የክፍያ መንገዱም አለ። መኪና ካልያዝክ ኤል 300 የሚሏት ሚኒባስ ከደጅ ወስዳ ደጅ ታደርስሃለች፣ ግን ሰው እያነሳች እያወረደች ስለሆነ ቀጠሮ አትያዝ። በጎረቤት ክፍለ ሀገር ካለው ትልቅ ከተማ ከሜዳን በኩል የምትመጣ ከሆነ የሌሊት አውቶቡሱ ምቹ ነው፣ ለሱብሒ ሶላትም ይቆማል። ዝናቡ የሚከብደው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው። በኖቬምበር 2025 ጎርፍ መንገዱ በሚያልፍባቸው በፒዲ ጃያና በቢሬውን ወረዳዎች ላይ ድልድይ ሰብሮ የሜዳኑን መንገድ ቆርጦት ነበር፣ ስለዚህ በዚያ ወቅት ዕቃ ጭናችሁ በሜዳን በኩል እንገባለን አትበሉ። መንደር ውስጥ ያለ ሞተር ሳይክል መኖር የለም፣ እሱን ግን እዚያው ደርሰህ ከአማችህ ጋር ሄደህ ግዛ፣ ዋጋውን እሱ ይከራከርልሃል። ውሉን ለመጻፍ ስትሄዱ የሚጠየቀውን ወረቀት ከፈለግክ በውስጥ ጻፍልኝ።