የቆየ አገዳ ጭማቂው ለምን ይዝለገለጋል?

ከጃዊ የጻፉልን ወንድማችን፣ ተቆርጦ የሰነበተ ሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ለምን እንደሚዝለገለግና ዝልግልጉ ነገር ጥቅም ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። ነገሩ ዴክስትራን ይባላል፤ ሊውኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያ በተቆረጠው ጫፍ ገብቶ ወደ ውጭ የሚያመነጨው ኢንዛይም ሱክሮስን (የአገዳውን ስኳር) ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ቀላል ስኳሮች ይከፍልና ግሉኮሱን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እያከታተለ ረጅም ሰንሰለት ሲሠራ፣ ፍሩክቶሱን ይለቅቀዋል። ለስኳር ፋብሪካ ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፦ ስኳሩ ይባክናል፣ ጭማቂው ለማጣራት ያስቸግራል፣ የስኳሩም ቅንጣት ቀጥኖ ይረዝማል። ስለዚህ የተቆረጠው አገዳ ሳያድር ቢጨመቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

ይኸው ዴክስትራን ግን ሆን ተብሎ ተመርቶ፣ ተጣርቶና መጠኑ ተስተካክሎ ሲዘጋጅ፣ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ይሆናል። ዛንታን የሚባለው ሌላው የባክቴሪያ ዝልግልግ ደግሞ አሠራሩ ይለያል፤ ዛንቶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ አምስት አምስት የስኳር ክፍሎችን በራሱ ሴል ውስጥ ገጣጥሞ ወደ ውጭ ያወጣዋል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ለምግብ የተፈቀደ ሲሆን፣ ዛሬ ሶስና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር፣ በነዳጅ ቁፋሮም ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ጭቃ የድንጋይ ፍርፋሪውን ተሸክሞ እንዲያወጣ ያገለግላል።

እርጎ አምራቾችም እርጎው ወፍሮ ውኃው እንዳይለይ፣ እንዲህ ያለ ዝልግልግ ነገር የሚያመነጩ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን መርጠው ይጠቀማሉ።